በሁለት ጣት

ባኮ፣ ኅዳር 12 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለፀዳለ፣

የጌታ ሰላም ይብዛልሽ። አከም ጅርታ፣ ፀዲ? እኔ ሙቀቱና ትንኙ እንዳለ ሆኖ ደህና ነኝ። በቆሎው ተፈልፍሎ ወደ እርሻ ምርምሩ መጋዘን እየገባ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ አቧራ ስንቅም እንውላለን። የላክሽልኝ ሹራብ ደርሶኛል። ባኮ ላይ ሹራብ ምን እንደሚሠራ ባላውቅም፣ አንቺ ስለሠራሽው አንድ ሌሊት በላብ ተጠምቄ አድሬበታለሁ።

ደብዳቤሽን ከሹፌሩ ከአመዩ ተቀብዬ እዚያው መናኸሪያው ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት። ከዚያ ሁሉ ዘማሪ መካከል አንቺን መርጠው የቤተ ክርስቲያኑን ቫዮሊን ስለሰጡሽ ደስ ብሎኛል፣ እውነቴን ነው። ለመሥሪያ ቤት ሰዎችም አውርቻለሁ። አንዱ “ቫዮሊን ምንድን ነው?” ቢለኝ “የፈረንጅ ማሲንቆ ነው፣ ግን አገጭ ሥር ይያዛል” ብዬ አስረዳሁት። አየሽ፣ እኔም ተምሬያለሁ።

ነገር ግን ሁለተኛው ገጽ መሃል ላይ አንድ ነገር ጣል አድርገሻል። “አሁን ቫይብሬቶ የሚባለውን ጀምረናል፤ ሲሞን የእጄን አንጓ ይዞ ያወዛውዝልኛል” ትያለሽ። ወዲያው ደግሞ የጎረቤታችን ላም እንደወለደች ትነግሪኛለሽ። ፀዲ፣ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ጽፎ ወደ ላም ይሄዳል?

ስለዚህ ላሟን ትተሽ ይህን መልሺልኝ። ሲሞን ማነው? ዕድሜው ስንት ነው? አግብቷል? መልኩስ? ቫይብሬቶ የሚባለው ነገር ሳይነካኩ አይማሩትም ወይ? በሩስ? ቀንቷል ብለሽ እንዳትስቂ። ቀንቻለሁ፤ ግን አትሳቂ።

እናቴን ሳሚልኝ።

ያንቺው ረጋሳ


አምቦ፣ ኅዳር 26 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለምወድህ ረጌ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን። እናትህ ጉልበቷ ትንሽ አስቸግሯት ነበር፣ አሁን ተሽሏታል። ስቄያለሁ፣ ይቅርታ አድርግልኝ።

ሲሞን የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህር ነው። የሆሳዕና ልጅ ነው፤ ቫዮሊን የተማረው አዲስ አበባ ነው። መዘምራኑን በነፃ ነው የሚያስተምረን። ዕድሜውን አልጠየቅኩትም፣ ካንተ ግን ያንሳል። አላገባም። መልኩን ለምን እንደጠየቅከኝ እግዜር ይወቀው፤ ቀጭን ነው፣ መነጽር ያደርጋል፣ ጥፍሩን አሳጥሮ ይቆርጣል። የምንማረው በመዘምራን ክፍል ነው፣ በሩም ክፍት ነው፤ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ እነግርህ ነበር፣ ታውቀኛለህ።

ቫይብሬቶ ማለት እንዲህ ነው። ጣቴ ክሩን እንደተጫነ፣ እጄ ከአንጓው ላይ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል፤ ያኔ ድምፁ የሚዘምር ሰው ጉሮሮ እንደሚርገበገበው ይርገበገባል። ያለ እሱ የኔ ድምፅ ዘይት የጠማው የበር ማጠፊያ ነው። ሲሞን የክብሪት ቀፎ ውስጥ ስንዴ ጨምሮ ሰጥቶኛል፤ ይዤ ሳወዛውዘው እኩል እኩል መጮህ አለበት። እጄ ግን ግትር ነው፣ አንዴ ይሮጣል አንዴ ይቆማል። ለዚህ ነው እሱ አንጓዬን ይዞ የሚያለማምደኝ።

አሁን እኔ የምነግርህን ስማኝ። አዲሱ አዳራሽ ግንቦት ላይ ይመረቃል። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ኦቦ ቀነዓ “በዚያ ቀን ፀዳለ ብቻዋን ትጫወታለች” ብለው በጉባኤ ተናግረዋል። ሲሞን ደግሞ ቫይብሬቶው ካልመጣልኝ ብቻዬን እንደማያቆመኝ ነግሮኛል። ረጌ፣ እኔ በዕድሜዬ ብቻዬን ቆሜ የሠራሁት ነገር የለም። ስዘምር ከሰው ጋር ነው፤ ለማስተማር ክፍል ስገባ ልጆቹ አሉ፤ ሳገባ እንኳ አንተ ነበርክ። ይህችን አንዲት ቀን እፈልጋታለሁ፣ በጣም እፈልጋታለሁ።

የላሟ ጥጃ ሴት ናት።

ፀዳለ


ባኮ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለውድ ፀዲ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ስለ ግንቦቱ የጻፍሽው ልቤን ነክቶታል። እኔም ሙሉ ልብሴን ለብሼ ፊት ለፊት እቀመጣለሁ። ስለ ጥፍሩ የጻፍሽውም ነክቶኛል፣ ግን በሌላ በኩል። የሰው ጥፍር መቼ ነው እንዲህ አተኩረሽ የምታዪው?

ይሁን። ሰው መቅናት ብቻ ሳይሆን መላም መፍጠር አለበት። ስለዚህ ሦስት ነገር አድርጌያለሁ።

አንደኛ፣ በአመዩ እጅ በቆሎ ልኬልሻለሁ፣ ከምርጥ ዘራችን ነው። ስንዴውን ለዶሮ ስጪና ቀፎው ውስጥ የኔን ጨምሪበት። የሚንቀጠቀጥ እህል ካስፈለገ የባል እህል ይንቀጠቀጥ።

ሁለተኛ፣ ኦቦ ቀነዓ በትምህርቱ ሰዓት አብረዋችሁ እንዲቀመጡ መልእክት ልኬባቸዋለሁ። ሽማግሌ ናቸው፣ ጡረታ ላይ ናቸው፣ ሥራ የላቸውም። አትቆጪ፣ ለስምሽም ይበጃል።

ሦስተኛው ዋናው ነው። እኔ ራሴ እየተለማመድኩ ነው። ከሥራ ስገባ የመጥረጊያ እንጨት ይዤ አንጓዬን አወዛውዛለሁ፤ አከራዬ በመስኮት አይታኝ ወባ የያዘኝ መስሏት ውኃ አምጥታልኛለች። ልጅ ሆኜ ለእናቴ ወተት ስንጥ ያደግኩ ሰው አንድ አንጓ ማወዛወዝ ምን ይሳነኛል? ለገና ስመጣ እጅሽን ራሴ ይዤ አለማምድሻለሁ። ሲሞን ኖታውን ያስተምር፣ አንጓውን ለኔ ይተው። ይህ ፍትሕ ነው፣ ጌታም ያውቃል።

የሚናፍቅሽ ረጋሳ


አምቦ፣ ጥር 6 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለረጌ፣

በሰላም መግባትህን አመዩ ነግሮኛል። እናትህ “ልጄ ለምን እሁድን ሳያሳልፍ ሄደ?” ብላ ስትጠይቀኝ “ሥራ ጠርቶት ነው” ብዬ ዋሽቻለሁ። ኃጢአቱን እንካፈለዋለን።

በመሳቄ ይቅርታ። ግን ቀኝ እጄን ይዘህ ስታንዘፈዝፈው ደጋኑ ዞሮ አፍንጫህን ሲመታህ ምን ላድርግ? ሰውዬ፣ ቫይብሬቶ በግራ እጅ ነው። ቀኙ ደጋኑን ይስባል፣ ክሩን የሚጫነው ግራው ነው። እኔ “እጄ” ብዬ ስጽፍ አንተ የሚያጎርሰውና የሚጨብጠው መስሎህ ወር ሙሉ በቀኝ ስትለማመድ ከርመሃል። አከራይህም እኮ ለዚህ ነው የታመምክ የመሰላት።

ግራዬን ስሰጥህ ደግሞ ሌባ እንደያዘ ዘበኛ ነው የያዝከኝ። አንጓዬ እስከ ትናንት ቀይ ነበር። እንዲህ ሲያዝ እጄ ጭራሽ ይደርቃል እንጂ አይፈታም። ሲሞን በሁለት ጣት ብቻ ነው የሚይዘው፤ መያዙንም እረሳዋለሁ።

ቀለበቴን መስኮቱ ላይ ማግኘትህንና ፊትህ መጥቆሩን አይቻለሁ። እዚያው አጠገቤ ሆነህ መጠየቅ ስትችል በሹፌር አፍ አስጠየቅከኝ። አመዩ አንገቱን ደፍቶ “ጋሼ ስለ ቀለበቷ ጠይቅልኝ ብሎኛል” ሲለኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ስጫወት አወልቀዋለሁ፣ ክሩን እየነካ ይንጫጫል፤ ስጨርስ መልሼ አደርገዋለሁ። ሌላ ነገር የለውም።

በቆሎህ ቀፎው ውስጥ አልላወስ አለ፣ ፍሬው ትልቅ ነው። ሲሞን አይቶት “እንዴት ያለ ዘር ነው፣ ለክረምት እዘራዋለሁ” ብሎ ጥቂት ፍሬ ኪሱ ከተተ። ኦቦ ቀነዓ በየትምህርቱ ይመጣሉ፣ ወንበራቸው ላይ ተደላድለው ይቀመጣሉ፣ ወዲያው ያንቀላፋሉ።

ቃሉ “ቅንዓት ለአጥንት ነቀዝ ነው” ይላል። ራስህን አትጉዳ።

ፀዳለ


ባኮ፣ ጥር 20 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለፀዳለ፣

ደህና ነኝ።

ሁለት ጣት። የትኞቹ ሁለት? አውራ ጣትና ሌባ ጣት ነው? ወይስ የመሃሉም አለበት? እያሰብኩ እውላለሁ። የራሴን አንጓ በሁለት ጣት ይዤ አየሁት። መያዙን የሚያስረሳ አያያዝ ምን ዓይነት እንደሆነ ሊገባኝ አልቻለም፤ እኔ ሚስቴን ስይዝ መያዜን እንድትረሳ አልፈልግም።

ግራ እጅ ስትይኝ ደግሞ ጆሮዬ ጭው አለ። እስካሁን የቀናሁት በቀኝ እጅ ልክ ነበር። ግራው ግን ቀለበቴ ያለበት እጅ ነው፤ ያውም ቀለበቱ ወልቆ መስኮት ላይ ተቀምጦ። ይህን ሁሉ ቅናት ጨርሼ አሁን ከሀ ልጀምር ነው። በላዩ ላይ በቆሎዬን ኪሱ ከተተ።

ነቀዝን እኔን ጠይቂኝ፣ እንጀራዬ ነው። ፍሬው ከላይ ሲታይ ደህና ነው፤ ጫን ስትይው ዱቄት ይሆናል። እኔም እንደዚያው ነኝ። ቢሮ እገባለሁ፣ እስቃለሁ፣ ናሙና እመዝናለሁ። ማታ ብቻዬን ስሆን ዱቄት ነኝ።

ስለዚህ ባልሽ ነኝና እለምንሻለሁ፤ ካልሆነም እነግርሻለሁ። ቫዮሊኑን ለኦቦ ቀነዓ መልሺ። ለምረቃው ዘምሪ፣ ድምፅሽ ለማንም አያንስም። እንዲህ ያለ ነገር በቤታችን አይቀጥልም።

ረጋሳ


አምቦ፣ የካቲት 8 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለረጋሳ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ቫዮሊኑን አልመልስም።

ይህን በቁጣ የጻፍኩት አይደለም፤ አድሬ ነው የጻፍኩት። ያጠፋሁት ነገር ቢኖር እመልሰው ነበር። አንተን ደስ ለማሰኘት ብዬ ብመልሰው ግን አንተን ባየሁ ቁጥር ቫዮሊኑን ማሰቤ አይቀርም፤ ያንን አንተም አትፈልገውም።

ምሥራች አለኝ። ካንተ በቀር የምነግረው ሰው አጥቼ ነው፣ ምን ላድርግ። ማክሰኞ ዕለት መጣልኝ። ሲሞን ሁልጊዜ “አውራ ጣትሽን ልቀቂ፣ የቫዮሊኑን አንገት አንቀሽዋል፣ አይወድቅም፣ አገጭሽ ይዞታል” ይለኝ ነበር። ያን ቀን ደክሞኝ ስለነበር እንዴት እንደሆነ ሳላውቅ ለቀቅኩት። ድምፁ ረገብ ረገብ አለ። አንድ ትንፋሽ ያህል ቆየና ሄደ፤ ግን ነበር። ኦቦ ቀነዓ ነቅተው “እንዴ፣ ማን ነው የዘመረው?” አሉ። እኔ ነኝ አልኳቸው። ቤቴ እስክደርስ መሬት የረገጥኩ አልመሰለኝም።

ረጌ፣ ደስ ይበልህ። ግማሹን እንኳ። ግንቦት ሩቅ አይደለም፤ አሁን ከቆምኩ አይደርስልኝም።

ፀዳለ


ባኮ፣ የካቲት 29 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለውድና ለተወደደችው ባለቤቴ ለፀዲዬ፣

በኢየሱስ ስም የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ያቺ ጥጃ እንዴት ሆነች? አደገች? የእናቴስ ጉልበት? እዚህ ሙቀቱ ብሷል።

ስለ ማክሰኞው ምሥራችሽ እንኳን ደስ ያለሽ። በውነቱ ደስ ብሎኛል። ስለ ቫዮሊኑ ብዙ መጨቃጨቅ ለክርስቲያን ቤት አይገባም፤ እኔ ከእንግዲህ ላንቺ ስለዚህ ነገር አልጽፍም።

ከኔ በኩል ወደ ሽማግሌዎቹ አንዳች ነገር ሄደ ሲባል ብትሰሚ በክፉ አትተርጉሚው። ምክር ለመጠየቅ ያህል ነው። ሰው ቤተ ክርስቲያኑን ካላማከረ ማንን ያማክራል?

ማር ልኬልሻለሁ። ከታች በኩል ትንሽ ሰም አለበት፣ አጥልዪው።

ሁሌም ያንቺው፣ ረጋሳ


አምቦ፣ ሚያዝያ 4 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለአቶ ረጋሳ፣

ጤና ይስጥልኝ። ማሩ ደርሷል። እናትዎ ወስደውታል፣ ወደውታል።

ለሽማግሌዎቹ የላኩት ጽሑፍ ባለፈው ወር በፊታቸው ተነቧል። እኔም ተጠርቼ ቆሜ ሰምቻለሁ። ለባሌ ብዬ በጻፍኩት ደብዳቤ ውስጥ የነበረው ሁሉ ቃል በቃል አለበት፤ ቀለበቱም፣ ሁለቱ ጣቶችም፣ “መያዙን እረሳዋለሁ” ያልኩትም። በእርስዎ እጅ ተገልብጦ ሲነበብ እኔም ራሴን ተጠራጠርኩ።

ሽማግሌዎቹ እርስዎ ያስቀመጧቸውን ምስክር ጠየቁ። ኦቦ ቀነዓ ሐሰት መናገር አያውቁም፤ “አንቀላፍቼ ስለነበር ምንም አላየሁም” አሉ። ነቅተው ቢሆን ኖሮ የሚመሰክሩልኝ ሰው ነበሩ። እሳቸው ባይቀመጡ ደግሞ ማንም ምስክር አይጠይቅም ነበር።

ቫዮሊኑ ከእጄ ተወስዶ ዕቃ ቤት ተቆልፎበታል። “ባልየው ራሱ በአካል ቀርቦ ቅሬታ የለኝም እስኪል ድረስ” ተብሏል። አቶ ሲሞን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉት። ዝውውር ጠይቀው ጌዶ መግባታቸውን ከሰው ሰማሁ። ደህና ይሁኑ እንኳ አላልኳቸውም።

ምረቃው ግንቦት 17 ነው።

ፀዳለ


ባኮ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለፀዲ፣

“እርስዎ” አትበዪኝ። ስደቢኝ፣ እርገሚኝ፣ ግን እርስዎ አትበዪኝ። ደብዳቤሽን ስከፍተው የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የመጣብኝ መሰለኝ።

ኦቦ ቀነዓ እንደሚያንቀላፉ ጽፈሽልኝ ነበር፤ እኔ ግን በሳቅ አለፍኩት። ሽማግሌዎቹ ሲሞንን ጠርተው በለሆሳስ ይመክሩታል፣ እሱም ይተዋል፣ አንቺም አትሰሚም ብዬ ነበር ያሰብኩት። ደብዳቤውን ጮክ ብለው ያነቡታል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩ።

እውነቱን ልንገርሽ። ሲሞን አምቦን ለቀቀ ሲባል “ተገላገልኩ” ብዬ ነበር። ከዚያ ጌዶ ነው አሉኝ። ካንቺ ወደኔ፣ ከኔ ወዳንቺ የሚሄደው መኪና ሁሉ እዚያ ነው ቆሞ ሰው የሚያወርደው። ይሁን፣ እሱንም ልቻለው። የሚያስደነግጠው ሌላ ነው። ሰውዬው ሄዶ፣ ቫዮሊኑ ተቆልፎ፣ ቅናቱ ቁጭ ብሏል። ታዲያ በማን ነው የምቀናው? “መሬት የረገጥኩ አልመሰለኝም” ያልሽው ላይ ነው መሰለኝ። በሠርጋችን ቀን እንዲህ አላልሽኝም። እኔ በሌለሁበት እንዲህ ደስ ብሎሽ አየሁና አልቻልኩም።

ለምረቃው መጥቼ ሽማግሌዎቹ ፊት እቆማለሁ። የዘር ወቅት ስለሆነ ፈቃድ ያስቸግራል፣ ግን እመጣለሁ። ጠብቂኝ።

ረጋሳሽ


አምቦ፣ ሰኔ 3 ቀን 1995 ዓ.ም.

ረጋሳ፣

ይኸው አንተ ብያለሁ፤ ለቁጣም አንተ ይሻላል።

አልመጣህም። “ፈቃድ ከለከሉኝ” የሚለው ወረቀትህ በአመዩ በኩል የደረሰኝ ምረቃው ባለፈ በማግስቱ ነው። ፈቃድ ከለከሉህ ወይስ ሽማግሌዎቹ ፊት መቆሙ ከበደህ፣ አልመረምርህም። አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። እኔ ልጫወትበት በነበረው ቦታ ከመዘምራኑ ዶርቃስ ዘመረች፣ ጥሩ ዘመረች። እኔ ከሴቶቹ መሃል ተቀምጬ ግራ እጄን በነጠላዬ ሥር ደበቅኩት። ያለ ምክንያት ይንቀሳቀስ ነበርና አፈርኩበት። አጠገቤ ያሉት ከንፈራቸውን ሲመጥጡልኝ ተነሥቼ መውጣት አማረኝ፤ ቢሆንም እስከ መጨረሻው ተቀመጥኩ።

“ልምጣና ልለምንሽ” ብለሃል። አትምጣ። አምቦ ከመድረስህ በፊት ጌዶ ውረድ። ሲሞንን ፈልገህ ይቅርታ ጠይቀው። በቃል ብቻ ግን አይሆንም፤ ቃል ላንተ አያስቸግርህም። የራሱን ቫዮሊን እንዲያስይዝህ ለምነው፣ ግራ እጅህን ስጠው፣ አንጓህን ይያዝልህ። እኔን ያስጠየቀኝን ነገር አንተም ቅመሰው። ከዚያ በኋላ የሚታይህ ነገር ካለ ጻፍልኝ።

ይህን ሳታደርግ ደጄን እንዳትረግጥ። እናትህም ሰምታለች፣ “ልክ ነሽ” ብላኛለች።

ፀዳለ


ጌዶ፣ ነሐሴ 17 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለፀዳለ፣

ይህን የምጽፍልሽ ከጌዶ ነው፤ ዝናቡ መኪናውን አስቁሞት ሲሞን ቤት ላድር ነው። ስለዘገየሁ ይቅርታ። ያዘገየኝ ፍርሃት ነው።

መጀመሪያ የወረድኩት ሐምሌ ላይ ነው። በሩን ሳንኳኳ ምን እንደምል ሳጠና የመጣሁት ሁሉ ጠፋብኝ። “እኔ ረጋሳ ነኝ” አልኩት። “አውቄሃለሁ፣ ግባ፣ ዝናቡ ይመታሃል” አለኝ። ይቅርታዬን ስጀምር ሻይ ቀዳልኝ። ስጨርስ “ለእኔ ግድ የለም፣ ለፀዳለ ግን ጊዜው አለፈባት” አለ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ያልሽውን ነገርኩት። ትንሽ ሳቅ አለና ቫዮሊኑን አምጥቶ አገጬ ሥር አደረገልኝ፣ ግራ እጄን ያዘ። በሁለት ጣት ነው። የትኞቹ እንደሆኑ አሁን አውቃለሁ፣ አልነግርሽም። “አውራ ጣትህን ልቀቅ” አለኝ። ጣቴ እንቢ አለኝ። “ልቀቀው፣ አይወድቅም” አለኝ። ፀዲ፣ ያን ሁሉ ወር የፈራሁትን ነገር ጠበቅኩ፣ ጠበቅኩ፣ የለም። መምህር የተማሪውን እጅ ይዞ ነው ያለው፣ በቃ። ለዚህ ነው አንቺን ሰው ፊት ያቆምኩሽ? እዚያው ዕንባዬ መጣ። አንጓዬን ያሳመመኝ መስሎት ደንግጦ ለቀቀኝ።

ለሽማግሌዎቹ ያን ዕለት ጻፍኩ። ባለፈው ሳምንትም ኦቦ ቀነዓ ለስብሰባ እዚህ ሲመጡ ፊታቸው ቀርቤ “ቅሬታ የለኝም፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ” ብያለሁ። ቁልፉን ሊከፍቱልሽ ቃል ገብተዋል። እኔም ወደ አምቦ ዝውውር ጠይቄያለሁ።

ሌላም አለ፤ ከእንግዲህ ምንም አልደብቅሽም ብያለሁና ልናገር። በየቅዳሜው እወርዳለሁ። ይቅርታው ካለቀ በኋላም ወረድኩ። ምን እንደሆነ አላውቅም፣ እጄ ወደደው። እና ቫይብሬቶው መጣልኝ። በሦስተኛው ቅዳሜ። አንድ ትንፋሽ አይደለም፣ እስክደክም ድረስ ነው የሚቆየው። ሲሞን መነጽሩን አውልቆ አየኝና “የፀዳለ እጅ ይቸኩላል፤ የአንተ ግን ተፈጥሮ ነው” አለኝ።

በቆሎዬ ደጁ ላይ በቅሎ ከወገብ በላይ ሆኗል። ምርጥ ዘር ነው።

ረጋሳ


አምቦ፣ መስከረም 5 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለረጌ፣

እንኳን ለዘመን መለወጫ አደረሰህ። ዕቃ ቤቱ ተከፍቶልኝ ቫዮሊኑ እጄ ገብቷል። ክሮቹ ረግበዋል፣ እጄም ረስቷል፤ እንደ በፊቱ ደርቆ ተቀምጧል። ይቅርታ መጠየቅህን ኦቦ ቀነዓ በጉባኤ ተናግረዋል፣ ሰዎችም መጥተው ስመውኛል። ይህን ሁሉ በደስታ ልጽፍልህ ነበር የተቀመጥኩት።

ግን ደብዳቤህ ላይ አንዲት ቃል አለች፣ ከሷ ወዲያ ማንበብ አቃተኝ። “ተፈጥሮ” ነው ያለው? እርግጠኛ ነህ? ለኔ አንድም ቀን እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። “ትሞክሪያለሽ” ነበር የሚለኝ፣ “ትደርሺያለሽ”። የሲሞን ተማሪ እኔ ነኝ። ከኅዳር እስከ የካቲት ለአንዲት ትንፋሽ የለፋሁት እኔ ነኝ። አንተ የመጥረጊያ እንጨት በቀኝህ ይዘህ የምትንዘፈዘፈው ሰውዬ በሦስት ቅዳሜ? በስንተኛው ጣት ነው መጀመሪያ የመጣልህ? ስንት ሰዓት ትቀመጣላችሁ? እዚያ እያደርክ ደግሞ ማታ ማታ ምን ታወራላችሁ? ስለ እኔ እጅስ ሌላ ምን ብሎሃል?

ይህን ሁሉ ጻፍኩና መልሼ አነበብኩት። አነበብኩትና እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ።

ረጌ፣ ይሄ ነበር? ዓመት ሙሉ ይዘኸው የዞርከው ይሄ ነበር? እኔን የያዘኝ ገና አንድ ሳምንት ነው፤ ምግብ አልወርድ ብሎኛል፣ ተማሪዎቼን ያለ ጥፋታቸው እቆጣለሁ፣ እናትህ “ምነው ከሳሽ?” ትለኛለች። አንተ እንዲህ ሆነህ በቆሎ ትመዝን ነበር። እኔ ደግሞ ጥቅስ ጻፍኩልህ።

ይቅር ብዬሃለሁ ብዬ ልዋሽህ አልችልም፣ ገና ነው። አዳራሽ የሚመረቀው አንዴ ነው፤ ያቺ ቀን አትመለስልኝም። ሳስባት ያመኛል፣ ሲያመኝም እነግርሃለሁ፣ ትሰማኛለህ። ግን አንተ ባኮ እኔ አምቦ ሆነን አይደለም፣ አንድ ቤት ሆነን ነው። አምቦ የጠየቅከውን ዝውውር እሺ ካሉህ እንቢ እንዳትል።

ቫዮሊኑን ስትመጣ አታገኘውም፣ ደብቄዋለሁ፤ እስኪመጣልኝ ድረስ ፊቴ አትጫወትም። እጄን ግን ያዝልኝ። በሁለት ጣትም ይሁን እንደ ዘበኛውም ይሁን፣ እንደቻልክ።

ቅዳሜ ና። ጌዶ ግን እንዳትወርድ።

ፀዳለ